የሉማሜው ሳጥን

ደብረ ማርቆስ ባለው ቤታችን፣ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ ራሴን ካወቅሁበት ጊዜ ጀምሮ አንድ ፈረሰኛ ይጋልባል። ፍሬም የገባ የውጭ አገር ፊልም ፖስተር ነው። ፈረሱ የፊት እግሮቹን አንሥቷል፤ ከበስተኋላ ትከሻዋ የተገለጠ ሴት እጇን ዘርግታ ትጮኻለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር አባቴ ወደ ፈረሱ ይጠቁሙና «የመጀመሪያው ነው» ብለው አንድ ታሪክ ይጀምራሉ። እኔና ወንድሜ ታሪኩን ከመስማታችን ብዛት መሐል ላይ ተቀብለናቸው እንጨርሰው ነበር።

ታሪኩ ይህ ነው። አባቴ በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው፣ ሳይጨርሱ ትተው ወደ ከተማ መጡ። በዚያን ጊዜ በነበረው ሲኒማ ቤት ፖስተር ሰቃይና ማስታወቂያ ጻፊ ሆነው ተቀጠሩ። አንድ የገበያ ቀን ይህን ፈረሰኛ በር ላይ ካለው ሳንቃ ጋር በሚስማር ሲመቱ፣ ከአክስቷ ጋር ከቁይ የመጣች ልጃገረድ ከኋላቸው ቆመች። ብዙ ካየች በኋላ «ይወድቃል ወይስ አይወድቅም?» ብላ ጠየቀቻቸው። አባቴ ዘወር ሲሉ መዶሻው ከእጃቸው አመለጠ። እዚህ ላይ ሲደርሱ «የወደቅሁትስ እኔ ነኝ» ይላሉ፤ እንግዳውም ይስቃል። ያቺ ልጃገረድ እናቴ ናት።

እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት። ከሁለት ዓመት ወዲህ ደግሞ አባቴ ነገር ይጠፋባቸው ጀመር። እኔን በእናቴ ስም ይጠሩኛል። የእሑዱን ቅዳሴ ቅዳሜ ሄደው ባዶ ደጀ ሰላም ቆመው ይመለሳሉ። አንድ ጊዜ የቤቱን ቁልፍ በኪሳቸው ይዘው፣ ባጃጅ ተሳፍረው፣ ቁልፍ ስጪኝ ሊሉኝ ሱቄ ድረስ መጥተዋል። እኔ ዩኒቨርሲቲው መንገድ ላይ ትንሽ የኅትመትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለችኝ፤ ቀን እዚያ ነኝ፣ ማታ ከእሳቸው ጋር።

በዘጠኝ ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ነገር ግን ሲጨነቅ ያዛል። በየስልኩ «አባባን እወስዳቸዋለሁ፤ አንቺ ቀኑን ሙሉ የለሽም፣ አንድ ቀን ወጥተው ቢጠፉስ?» ይለኛል። አባቴ ደግሞ የወንድሜን ኮንዶሚኒየም አንድ ጊዜ ዐይተውታል። አራተኛ ፎቅ ላይ የታሰረ በግ ዐይተሽ ታውቂያለሽ ወይ ብለው ጠይቀውኛል። እኔ ለወንድሜ የምመልሰው መልስ አንድ ብቻ ነበር፦ ትንንሹን ነገር ይረሳሉ፣ ትልቁን ግን አይረሱም። ማስረጃዬም የፈረሱ ታሪክ ነበር። ስንት ጊዜ ቢያወሩት አንዲት ቃል አያዛንፉም።

ወንድሜ ለፋሲካ መጣ። እንደመጣ የፖስተሩን ፎቶ አነሣና፣ አዲስ አበባ ለሚያውቀው አሮጌ የፊልም ፖስተር ለሚሰበስብ ሰው ላከለት። ክፋት አስቦ አልነበረም፤ እንዲያውም አባባን ደስ ላሰኛቸው ብሎ ነው። ረቡዕ ዕለት ሰውየው ደወለ። ወንድሜ ሁላችንም እንድንሰማው ብሎ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ አባቴ ከፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ያንን ስልክ በዚያን ሰዓት አንሥቼ ግቢ ብወረውረው ኖሮ እላለሁ እስከ ዛሬ።

ሰውየው ሥራውን ያውቃል፤ በትሕትናም ነው የተናገረው። ፊልም መጀመሪያ ሲወጣ አብሮት የሚላከው ፖስተር ታጥፎ ነበር የሚመጣው አለ፤ የእጥፋቱ መስመር አንዴ ከታየ አይጠፋም። ፊልሙ ከዓመታት በኋላ እንደገና ለሲኒማ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ፖስተር ይታተምለታል። የእናንተ እጥፋት አለው ወይ? የለውም። ወረቀቱ ያብረቀርቃል ወይስ ደብዛዛ ነው? ያብረቀርቃል። የቀድሞዎቹ ደብዛዛ ናቸው አለ። የታችኛው ጠርዝ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ዓመት አለ ወይ? ጠርዙ ራሱ የለም፤ የሲኒማ ቤቱ የመስታወት ሳጥን ስላጠረባቸው አባቴ በመቀስ ቆርጠውታል። በመጨረሻ ሥዕሉን በማጉያ መነጽር እዩት አለን። በሱቄ ማኅተምና ፎቶ የማይበትን መነጽር ከቦርሳዬ አውጥቼ የፈረሱን አንገት ዐየሁት። ጤፍ የተበተነበት ይመስላል፤ ሁሉም ነጠብጣብ ነው። ይህን እኔም አውቀዋለሁ፤ ሰው አሮጌ ፎቶ አምጥቶ አባዥልኝ ሲለኝ የሚወጣው እንዲህ ነው። ከሥዕል የተነሣ ሥዕል።

«ከላይ ያለችውን መስመር አንብቡልኝማ» አለ ሰውየው።

ከሴትየዋ እጅ በላይ አንዲት የእንግሊዝኛ መስመር አለች። ዕድሜ ልኬን ዐይቻታለሁ፣ አንድም ቀን አንብቤያት አላውቅም። ወንድሜ ቀረብ ብሎ ድምፁን አሰምቶ አነበበለት። በአማርኛ ስትሆን፣ በወዳጆቿ ስለተናፈቀች እንደገና ተመለሰች እንደ ማለት ናት። ሰውየው ከዚያ በላይ መጠየቅ አላስፈለገውም። ድጋሚ ነው አለ፤ በግምቱ ከመጀመሪያው ሰባት ዓመት ያህል ዘግይቶ የታተመ።

ወንድሜ በጣቱ ቆጠረ። በዚያ ስሌት ይህ ወረቀት ደብረ ማርቆስ ሲገባ አባቴና እናቴ ተጋብተው፣ ወንድሜ ተወልዶ፣ በእግሩ እየሮጠ ነው። እናቴ ቆማ የጠየቀችበት ፈረስ ይህ ሊሆን አይችልም።

አባቴ በዝግታ፣ «ዘሉ ብዬበታለሁ» አሉ።

እዚህ ላይ ስለ እኛ ስንፍና መናገር አለብኝ። አባቴ በየፖስተሩ ጀርባ በቀይ ቀለም፣ በዚያ ከቅኔ ቤት ባመጡት ወፍራም እጅ ጽሕፈት፣ አጭር ምልክት የመጻፍ ልማድ ነበራቸው። አልጋ ሥር ካሉት አሮጌ ፖስተሮች አንዱ ጀርባ «ዘማር» ይላል፣ ሌላው «ዘሉ»፣ ሌላው «ዘዮ»። በግእዝ «ዘ» ማለት «የ» እንደሆነ ስለምናውቅ፣ በልጅነታችን እኔና ወንድሜ ሸንጎ ተቀምጠን ወሰንን። ዘማር የደብረ ማርቆስ ነው፤ ዘሉ በአውቶቡስ ወደ ሉማሜ ይላክ የነበረው ነው። ለዘዮ ከተማ አጣንለት፤ ሁሉን አዋቂው ወንድሜ ሩቅ አገር ነው ብሎ ፈረደ። የእናቴ የልብስ ሳጥን ክዳን በውስጥ በኩል ቢጫ በሆነ ወረቀት ተለብዷል፤ እሱም ጥግ ላይ «ዘሉ» የሚል አለበት። ስለዚህ ሳጥኑ ከሉማሜ የተገዛ ነው አልን፤ በቤታችንም ስሙ የሉማሜው ሳጥን ሆኖ ቀረ። እናቴ እንዲህ ስንለው ትስቅ ነበር እንጂ አላረመችንም።

ስለዚህ አባቴ «ዘሉ ብዬበታለሁ» ሲሉ ወንድሜ ፍሬሙን አውርዶ ጀርባውን ገለጠ። ቀዩ ጽሕፈት አለ። የሚለው ግን «ዘማር» ነው።

ወንድሜ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አየሽ? ከተማውንም ረስተውታል» አለኝ። ማስረጃዬ እዚያው ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ተደፍቶ ነበር።

በማግሥቱ ጎረቤታችን የፋሲካን እንኳን አደረሳችሁ ለማለት ገባች። እንደ ልማዷ፣ መልሰን ወደሰቀልነው ፈረስ ዐይታ ታሪኩን ጠበቀች። አባቴ «የፊልም ማስታወቂያ ነው» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። መርሳታቸውን ለምጄው ነበር፤ ራሳቸውን መጠራጠራቸውን ግን ልችለው አልቻልኩም። ዐርብ ዕለት ማንም ሳይጠይቃቸው ለወንድሜ «እሺ፣ እሄዳለሁ» አሉት። ወንድሜ ለሰኞ ጠዋት ሚኒባስ ላይ ሁለት ቦታ ያዘ።

ቅዳሜ ሱቄን የከፈትኩት ተበሳጭቼ ነው። መጀመሪያ የገቡት አንድ መሪጌታ ናቸው፤ ከአባቴ ጋር ቅኔ ቤት አብረው የነበሩ፣ አባቴ ትተው ሲወጡ እሳቸው የቀጠሉ። የጽዋ ማኅበራቸውን ማስታወቂያ በእጃቸው ጽፈው አምጥተዋል፤ ለነገው ለዳግማይ ትንሣኤ እንዲደርስላቸው። ልቤ ሌላ ቦታ ስለነበር ዝም ብዬ ጻፍኩት። ከግርጌው፣ ከቀኑ አጠገብ፣ «ዘማር» የሚል ስላገኘሁ «ደብረ ማርቆስ» ብዬ አስተካከልኩላቸው። አትሜ ሰጠኋቸው።

መሪጌታ ወረቀቱን ከዐይናቸው አራቁት፣ አቀረቡት።

«ልጄ፣ ከተማዋን ማን ጠየቀሽ?»

«ዘማር ብለው ጽፈዋል እኮ አባቴ።»

«ዘመነ ማርቆስ! ዘንድሮ የማን ዘመን ነው? ዓመቱን በወንጌላዊው ነው የጻፍኩት። መምህራችን እንዲህ ነው ያስለመደን፤ አባትሽም ቢሆን ሌላ አያውቅም።»

ውሃ ሆንኩ። በየመስከረም አንዱ፣ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ ተብሎ ዘመኑ ሲታወጅ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ የምሰማ ሰው ነኝ። አፌ ግን አሁንም ካልሰማሁ አላምንም አለ።

«ዘሉስ?» አልኳቸው።

«ሉቃስ ነዋ! ሉማሜ ወንጌል ጽፋለች እንዴ?»

ሱቁን ለእሳቸው ትቼ ወጣሁ። ይጠብቁልኝ አላልኩም፤ ዝም ብዬ ወጥቼ ባጃጅ አስቆምኩ። መንገድ ላይ በጣቴ ቆጠርኩ። ከሉቃስ ቀጥሎ ዮሐንስ፣ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፤ ሦስት ዓመት። አንድ ዙር አራት ዓመት ሲጨመር ሰባት። የአዲስ አበባው ሰውዬ በስልክ የገመታት ሰባት ዓመት! አባቴ የሁለቱንም ዘመን በየጀርባው ጽፈው ጨርሰዋል፤ እኛ ነን ከተማ አድርገን ያነበብነው። ድጋሚው በዘመነ ማርቆስ ገብቷል። የመጀመሪያው ዘሉ ነው። እሱስ የት አለ? ባጃጁ አደባባዩን ሳይዞር ነው የት እንዳለ የገባኝ። ነጂውን ትከሻውን ይዤ አቻኮልኩት።

ወንድሜ የአባቴን ጋቢ እያጣጠፈ ነበር። አልፌው የእናቴን ሳጥን ከፈትኩና ክዳኑን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት። ያበድኩ መስሎት ምን ሆንሽ አለኝ። እየተንተባተብኩ ነገርኩት፤ ሲገባው ሄዶ ለብ ባለ ውሃ ጨርቅ ነክሮ አመጣ። ወረቀቱ የተለጠፈው በዱቄት ሙጫ ነው፤ እርጥበት ሲነካው ቀስ እያለ ለቀቀ። እናቴ ሙጫውን የቀባችው ዳር ዳሩን ብቻ ነበር። መሐሉን አልነካችውም። በልጅነቴ ከዚህ ሳጥን ስንት ጊዜ ነጠላ አውጥቻለሁ፣ ስንት ጊዜ ከዚህ ወረቀት ፊት ተንበርክኬያለሁ! በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚሉት እውነት ነው።

ወደ እንጨቱ ተደፍቶ የኖረውን ፊቱን ገለበጥነው። ፈረሱ ነው። ግድግዳው ላይ ካለው ይልቅ ቀለሙ የጠለቀ፣ ወረቀቱ ደብዛዛ። ሦስት እጥፋት በአግድም፣ አንድ በቁም። ከሴትየዋ እጅ በላይ ምንም የተጻፈ የለም፤ ገና አልተናፈቀችማ። የታችኛው ጠርዝ አልተቆረጠም፤ በደቃቅ ፊደል ያለውን ዓመት ወንድሜ ወደኛ አቆጣጠር መልሶ፣ ደግሞ አንድ ጊዜ አረጋግጦ፣ «እኔ አልተወለድኩም» አለ። በአራቱም ማዕዘን የሚስማር ቀዳዳ አለ። ሦስቱ ንጹሕ ክብ ናቸው። በቀኝ በኩል ያለው የላይኛው ግን ተቀዷል፤ ከአጠገቡ የብረት ጠርዝ ያረፈበት የጨረቃ ቅርጽ ጠባሳ አለ።

አባቴን ከበረንዳ ጠራናቸው። መጥተው አልጋው ላይ የተዘረጋውን ዐዩ። አልደነቃቸውም፤ የቆየ ሰው የመጣባቸው ያህል ጠጋ አሉት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ያቺን የተቀደደች ማዕዘን በአውራ ጣታቸው ደባበሷት።

«ይህቺ ናት» አሉ። «እዚህ ላይ ነው መዶሻው ያመለጠኝ።»

ፊልሙ ታይቶ ሲያልቅ ለእናቴ እንደሰጧት ነገሩን። አባቷ ቄስ ነበሩ፤ ትከሻዋ የተገለጠ ሴት ሥዕል በቤታቸው ቢያገኙ ጉድ ይፈላ ነበር። ደብቄ አኖረዋለሁ አለቻቸው፤ የት እንደምትደብቀው ግን ነግራቸው አታውቅም። ከሰባት ዓመት በኋላ ፊልሙ ሲመለስ ያንን ለሳሎኑ ያዙት። ታዲያ ለምን የመጀመሪያው ነው ይሉን ነበር ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸው የመጀመሪያው የሚሉት ቀኑን ነበር፤ ስለ ወረቀቱ የጠየቃቸው ሰው የለም።

«ያ የእሷ ነው» አሉ። «የሰጡትን ነገር ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ ያወጣሉ እንዴ?»

በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ። መሪጌታ ናቸው፤ ሱቄን ለጎረቤት አደራ ብለው፣ ደብረ ማርቆስ የሚለውን ማስታወቂያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ተቆጥተው መጥተዋል። ነገሩን ሲሰሙ ቁጣቸውን ረሱት። ሁለቱንም ፖስተር ተራ በተራ ዐዩ፣ ቀዩን ጽሕፈት አነበቡ፣ የወጣትነት ጽሕፈትህ ከዛሬው ይሻላል ብለው አባቴን ተረቡ። ወንድሜ ግድግዳው ላይ ያለውን አውርደን የመጀመሪያውን እንስቀል ሲል መሪጌታ አልተስማሙም።

«ለምን ይወርዳል? ነገ ዳግማይ ትንሣኤ አይደል? ድጋሚ ነው ብሎ ያላከበረው ማን ነው?»

አባቴ ሳቁ። ከረቡዕ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው።

አላጋንንም። አባቴ አልዳኑም። እዚያው ሳጥኑ አጠገብ ቆመው እኔን በእናቴ ስም ጠርተው ውሃ አምጪልኝ ብለውኛል፤ አመጣሁላቸው። ወንድሜም ይህን ሰምቷል። ነገር ግን መሪጌታን በረንዳ አውጥቶ ሲያነጋግራቸው ቆየ። መሪጌታም ለእሑዱ ቅዳሴ እኔ መጥቼ እወስደዋለሁ፣ በሥራ ቀንም ከሰዓት በኋላ እኔ ዘንድ ይዋል፣ ቅኔውን ካቆመበት ይቀጥል አሉት። እኔም ከሱቁ አንድ ሰዓት ቀድሜ ልገባ ቃል ገባሁ። ወንድሜ ስልኩን አውጥቶ ከሰኞው ሚኒባስ አንዱን ቦታ ሰረዘ። እኔም አየህ አላልኩትም፣ ምንም እንኳ ምላሴን ቢበላኝ።

ከዚያ ገብቶ ከአባቴ ፊት ለፊት፣ ወለሉ ላይ፣ እንደ ልጅነቱ ተቀመጠ። የተዘረጋውን ፈረስ ዐየ፣ አባቴን ዐየ።

«አባባ፣ ይወድቃል ወይስ አይወድቅም?» አላቸው።

አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የገበያ ቀን ነበር ብለው ጀመሩ፤ ሳንቃውን፣ ሚስማሩን፣ አክስቲቱን፣ ሁሉንም በየተራው። ወንድሜ አገጩን በጉልበቱ ላይ አስደግፎ አዳመጠ። መሐል ላይ አልተቀበላቸውም።